ሕመምተኛን ስለ መጠበቅ

ከአዲስ አበባ ከተማ በምዕራብ በኩል ያለው የቀራንዮ መድኃኔ ዓለም ደብር፥ በዙሪያውም ያለው ሰፈር፥ ስሙን የወሰደው ጌታ ከተሰቀለበት ስፍራ ነው። የስሙ ትርጓሜ የራስ ቅል ስፍራ ማለት እንደ ሆነ ካህናት ሁሉ ያውቁታል። ወደዚያ ስፍራ በሚወስደው መንገድ ላይ ከእርሻ ሲመለስ የተገኘ አንድ መንገደኛ ነበረ፤ እርሱም የቀሬናው ስምዖን ነው። ስምዖን መስቀሉን የተሸከመው ወታደሮች አስገድደውት ነው እንጂ በፈቃዱ አልተነሣም። ችንካሩን ሊያስቀር፥ ሞቱንም ሊከለክል አልቻለም። ያደረገው ነገር ቢኖር ከኋላ እየተከተለ እንጨቱን ጥቂት መንገድ መሸከሙ ብቻ ነው። ስለዚችም ጥቂት መንገድ ሦስት ወንጌላውያን ስሙን ጽፈውለታል።

ከዚህ ታሪክ አንድ ጥያቄ ይወጣል። መከራው ሊወገድለት ለማይቻል ሰው ሌላው ሰው ምን ሊያደርግለት ይገባል? ሊፈወስ የሚችል በሽተኛ ሲገኝ የቤተ ሰብና የጎረቤት ግዴታ ግልጽ ነው፤ ወደ ሐኪም መውሰድ፥ መድኃኒት መግዛት፥ እስኪነሣም ድረስ ማስታመም ነው። ነገር ግን ቶሎ የማይገድል፥ ፈጽሞም የማይለቅ፥ በየዓመቱ ጥቂት በጥቂት እየጸና የሚሄድ ደዌ በመጣ ጊዜ ግዴታው ከወዴት ይጀምራል? እስከ ወዴትስ ይደርሳል? ይህን ጥያቄ ከሚያስነሡት ደዌዎች አንዱ በራስ ቅል ውስጥ፥ በአንጎል ሥር የሚያድረው የፓርኪንሰን በሽታ ነው።

እንግሊዛዊው ሐኪም ጄምስ ፓርኪንሰን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1817 ዓመት ስለሚያንቀጠቅጥ ደዌ አንዲት ትንሽ መጽሐፍ በለንደን አሳተመ። በመጽሐፉ ውስጥ የስድስት ሰዎችን ሕመም ገለጸ። ከስድስቱ መካከል ሁለቱን ያገኛቸው በመንገድ ላይ ነው፤ አንዱንም በሩቅ ሆኖ ከማየት በቀር ቀርቦ አልመረመረውም። ሌላው የከተማ ሰው አይቶ ያለፈውን መንገደኛ እርሱ ቆሞ ተመለከተው፤ አረማመዱን፥ አጐነባበሱንና የእጁን አኳኋን በልቡ ያዘ። ስለዚህ የዚህ ደዌ ዕውቀት የተጀመረው አላፊ አግዳሚውን በማስተዋል ነው ለማለት ይቻላል። ከሞተም ከብዙ ዓመት በኋላ ሻርኮ የተባለው የፈረንሳይ ሐኪም ደዌውን በፓርኪንሰን ስም እንዲጠራ አደረገ።

የደዌው ሥራ እንዲህ ነው። በአንጎል ግንድ ላይ ጥቁር ቀለም ያላት አንዲት ትንሽ ክፍል አለች። በዚያች ክፍል ያሉት ሕዋሳት ዶፓሚን የሚባል ቅመም ይሠራሉ፤ በዚህም ቅመም ኀይል የሰውነት እንቅስቃሴ ሳይቸገር ይጀመራል፥ በልክም ይሄዳል። በፓርኪንሰን ደዌ እነዚህ ሕዋሳት ቀስ በቀስ እየሞቱ ያልቃሉ። የእጅ መንቀጥቀጥ ለዓይን ከመታየቱ አስቀድሞ ከሕዋሳቱ ብዙዎቹ ጠፍተዋል። ስለዚህ በብዙ ሕሙማን ላይ ደዌው ከመገለጡ ከዓመታት በፊት ሌሎች ምልክቶች ይቀድማሉ። የዕጣኑን መዓዛ መለየት ያቅተዋል፤ ሆዱ ይደርቃል፤ በእንቅልፉ ውስጥ ይጮኻል፥ ይፈራገጣል፤ ልቡም ያለ ምክንያት ያዝናል።

ከዚህ በኋላ የታወቁት ምልክቶች ይመጣሉ። እጁ በጭኑ ላይ አርፎ ሳለ ይንቀጠቀጣል፤ ዕቃ ለማንሣት ሲዘረጋው ግን ብዙ ጊዜ መንቀጥቀጡ ይቀንሳል። ክንዱና እግሩ ይደርቃሉ፤ ሥራው ሁሉ ይዘገያል፤ እርምጃው ያጥራል። ድምፁ እየሳሳ ይሄዳል። ጸሐፊ እንደ ሆነ መስመሩ ወደ ፍጻሜው በቀረበ ቍጥር ፊደሉ ይደቅቃል። የፊቱ ጅማቶች ስለማይታዘዙለት ደስታውም ኀዘኑም በመልኩ ላይ አይነበብም። ደዌው ሲጸና ሚዛኑን ስቶ ይወድቃል፤ መዋጥም ያስቸግረዋል፤ ከሕሙማኑም መካከል በኋላ ዘመናቸው አእምሮአቸው የሚደክም አሉ።

ሰው ግን ከመመርመር አስቀድሞ ይፈርዳል። በኢትዮጵያ ልማድ እንግዳ ሲመጣ ከመቀመጫ መነሣት፥ ሰላምታ ሲሰጡ ፊትን ማብራት፥ ታላቅ ሲጠይቅ ቶሎ መመለስ የጨዋነት ምልክቶች ናቸው። ይህ ደዌ የሚወስደው እነዚህኑ ምልክቶች ነው። ለመነሣት የዘገየው እንደ ኩሩ ይቈጠራል፤ ፊቱ የማይፈታው ንቆ ነው ተብሎ ይታማል፤ እየተንገዳገደ የሚሄደው ከመጠጥ ቤት እንደ ወጣ ይገመታል፤ እጁ የሚንቀጠቀጠው መንፈስ ያዘው ይባላል። ጧት መድኃኒቱ ሲሠራለት በእግሩ ሄዶ በቀትር መንቀሳቀስ ያቃተውን ደግሞ ሰዎች አውቆ የሚያደርገው ይመስላቸዋል። ስለዚህ በሽተኛው ሁለት ደዌ ይታመማል፤ አንዱ ከአንጎሉ፥ ሁለተኛው ከጎረቤቱ ዓይን የሚመጣ ነው።

ፊት የልብ መልእክተኛ ነው። መልእክተኛው ታሞ ቢቀር ግን ላኪው ዝም ብሏል አያሰኝም። ፊቱ የማይፈታው አባት የልጅ ልጁን ሲያይ ልቡ እንደ ቀድሞው ይደሰታል፤ የጠፋው ደስታው የሚወጣበት በር ነው። ነቢዩ ሳሙኤል ከእሴይ ልጆች አንዱን ለንግሥና ሊቀባ በሄደ ጊዜ የበኵሩን የኤልያብን ቁመትና መልክ አይቶ የተመረጠው እርሱ ነው ብሎ ነበር፤ ነቢይም ሲሆን ተሳሳተ። ነቢይን ያሳተ መልክ ሌላውን ሰው እንዴት አያስተው? እንግዲህ የማስታመም የመጀመሪያ ክፍል እጅን ከማንሣት በፊት ፍርድን ማዘግየት ነው።

በቀራንዮ አካባቢ ይህ ትምህርት ፈጽሞ አዲስ አይደለም። በዚያው በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፥ ዘነበ ወርቅ በሚባለው ሰፈር ያለው አለርት ሆስፒታል እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1965 ዓመት ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ማሠልጠኛ የተቋቋመ ነው። የሥጋ ደዌም የነርቭ ጠላት ነው፤ የእጅንና የእግርን ስሜት ያጠፋል። በእርሱ የታመሙ ሰዎች ብዙ ዘመን እንደ ተረገሙ ተቈጥረው ከቤታቸውና ከወገናቸው ተለይተዋል። ሕክምናው ሲገኝ ግን እርግማን የተባለው ደዌ በኪኒን የሚድን ሆኖ ተገኘ። የፓርኪንሰን ደዌ ከዚያ የተለየ ነው፤ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፥ እስከ ዛሬም የሚያድነው መድኃኒት የለውም። ነገር ግን አላዋቂ ፍርድ የሚያደርሰው ጉዳት በሁለቱም ዘንድ አንድ ዓይነት ነው።

በኢትዮጵያ ስለ ነርቭ በሽታዎች በገጠር ቤት ለቤት ከተደረጉት ጥናቶች አንዱ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልንጀሮቻቸው በቡታጅራ አካባቢ ያደረጉት ነው። በ60,820 ሕዝብ መካከል ተደርጎ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1990 ዓመት የታተመው ይህ ጥናት፥ ከ100,000 ሰው መካከል 7 ያህሉ የፓርኪንሰን ደዌ እንዳለባቸው አመለከተ። ደዌው የሚበዛው ከ60 ዓመት በላይ በሆኑት ሰዎች ላይ ስለ ሆነ፥ ወጣት በበዛበት አገር ቍጥሩ ማነሱ አያስደንቅም። የሰው ዕድሜ በረዘመ መጠን ግን የሕሙማኑ ቍጥር ይጨምራል፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ዓመት በዓለም ሁሉ ከ8.5 ሚሊዮን በላይ ሰዎች በዚህ ደዌ እንደ ተያዙ ገምቷል። በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳና በዘውዲቱ መታሰቢያ ሆስፒታሎች የነርቭ ሐኪሞች እነዚህን ሕሙማን ያያሉ። ራሳቸው በዚህ ደዌ የታመሙት ወይዘሮ ክብራ ከበደም ሕሙማኑን የሚረዳ ድርጅት በከተማው መሥርተው ስለ ደዌው ለሕዝብ አስታውቀዋል። ሕመምተኛ ሰው ሌላውን ሕመምተኛ ለመርዳት መነሣቱ፥ ደዌው እጅን ቢያዘገይም ፈቃድን እንደማያስር ያሳያል።

ስለ መድኃኒቱ ደግሞ ካህናትም ቤተ ሰቦችም ሊያውቁት የሚገባ ነገር አለ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1960ዎቹ ዓመታት ጀምሮ ሌቮዶፓ የሚባል መድኃኒት ይሰጣል፤ በአንጎል ውስጥ ወደ ዶፓሚን ይለወጣል። ይህ ነገር በባቄላ ውስጥ ስለሚገኝ በ1913 ዓመት ተለይቶ የወጣው ከባቄላ ነበር፤ ሆኖም በባቄላ ውስጥ ያለው መጠን ከፍ ዝቅ ስለሚል ባቄላ መብላት የሐኪሙን ኪኒን አይተካም። መድኃኒቱ ሕዋሳቱን ከሞት አያስነሣም፤ መገታተሩን ያላላል፥ መዘግየቱን ይቀንሳል። ዓመታት ካለፉ በኋላ ግን ኀይሉ በቀን ውስጥ ይመጣል ይሄዳል። ስለዚህ ሰዓቱ መጠበቅ አለበት። ሥጋ፥ ወተትና ጥራጥሬ ከሞላበት ማዕድ ጋር ሲወሰድ ሥራው ስለሚደክም፥ ከምግብ በፊት ግማሽ ሰዓት ያህል ቀድሞ መዋጡ ይሻላል።

በዚህ ስፍራ የጾምና የጠበል ነገር ይነሣል። መድኃኒቱን በድንገት ማቆም በሽተኛውን ለብርቱ አደጋ ይጥለዋል። በጾም ሰዓት ኪኒኑን የተወ፥ ወይም ወደ ጠበል ሲወርድ መድኃኒቱን የጣለ ሰው እምነቱን አጸና ብሎ ሊደሰት አይገባም፤ ሰውነቱን ጎድቷልና። ቤተ ክርስቲያን የታመመውን ሰው በጾም አታስጨንቅም፤ ነገሩን የሚመረምረው የንስሐ አባቱ ነው። ስለ ጠበልም በ1999 ዓመተ ምሕረት ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ፓትርያርክ በነበሩ ጊዜ፥ የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጠበሉን ከመድኃኒቱ ጋር አንድ ላይ እንዲወስዱ በግልጽ መክረዋል። ያ ምክር ስለ ሌላ ደዌ የተሰጠ ቢሆንም ምክንያቱ ለዚህም ይሠራል። ጠበሉም መድኃኒቱም የአንዱ አምላክ ስጦታዎች ከሆኑ፥ አንዱን ለመቀበል ሲባል ሌላውን መጣል ስጦታውን መከፋፈል ነው።

እንግዲህ ወደ ፊተኛው ጥያቄ መመለስ ይገባል። ለምሳሌ ዕድሜውን በማሕሌት ያሳለፈ አንድ መርጌታ በዚህ ደዌ ቢያዝ፥ ጧት ልብሱን ለመልበስ ግማሽ ሰዓት ይፈጅበታል። ልጁ ወደ ሥራ መሄጃው ደርሶበታል። የአባቱን ቍልፍ ራሱ ይቈልፍለታል፥ ጫማውን ያጠልቅለታል፥ ነጠላውን ያጣፋለታል፥ ቍርሱን ያጐርሰዋል። ይህ ሁሉ ፍቅር ነው፤ የሚያይም ሁሉ ያመሰግነዋል። ነገር ግን አንድ ወር፥ ሁለት ወር ሲቈይ መርጌታው ቍልፍ መቈለፉን ይተዋል፤ ያልሠራበት እጅ ይበልጥ ይደርቃልና። ሰዎች ሲጠይቁት ልጁ ስለሚመልስለት መናገሩንም ይተዋል። ሁለት ዓመት ባለፈ ጊዜ በቤቱ ውስጥ የሚታዘዝለት እንጂ የሚጠይቀው ሰው ያጣል። ደዌው ያልወሰደበትን ችኰላ ወሰደበት።

ይህን የሚሰማ ሰው እንግዲያስ በሽተኛውን ለራሱ መተው ይሻላልን ይል ይሆናል። አይሻልም። መድኃኒቱ ባለቀበት ሰዓት መርጌታውን ራስህ ልበስ ማለት ጭካኔ ነው፤ በዚያ ሰዓት በእውነት አይችልምና። መድኃኒቱ በሚሠራበት ሰዓት ደግሞ ሊሠራው የሚችለውን ከእጁ መንጠቅ ክብሩን መንካት ነው። እውነተኛው አስታማሚ ሁለቱን ሰዓቶች ለይቶ የሚያውቅ ነው። ለዚህም ዕውቀት ከርኅራኄ ጋር መተባበር አለበት፤ ርኅራኄ ብቻውን ከሆነ ሳያውቅ ይጎዳልና።

የአማርኛ ቋንቋ ለዚህ ነገር መልካም ቃል አለው። እረኛ በጎቹን ይጠብቃል፤ ዘበኛ በሩን ይጠብቃል፤ ሰውም የዘገየውን ባልንጀራውን ይጠብቃል። ከአደጋ መከላከልና እስኪደርስ መቈየት በአንድ ቃል ይጠራሉ። ለፓርኪንሰን ሕመምተኛ የሚገባው ይህ ሁለት ትርጕም ያለው መጠበቅ ነው። እንዳይወድቅ ምንጣፉን ከመንገዱ ማንሣት፥ ክንድ ባለው ወንበር ማስቀመጥ፥ ሲበላና ሲጠጣ ቀጥ ብሎ እንዲቀመጥ ማድረግ፥ ትንሽ ትንሽ እንዲጎርስ መተው፥ ይህ የመከላከል መጠበቅ ነው። ቃሉን እስኪፈጽም ዝም ብሎ መስማት፥ ቍልፉን እስኪያገባ አጠገቡ መቀመጥ፥ ሲቆም እጁን አለመጐተት፥ ይህ የመቈየት መጠበቅ ነው። ሁለተኛው ገንዘብ አይጠይቅም፤ ነገር ግን ከመጀመሪያው ይልቅ ይከብዳል።

በዐቢይ ጾም አራተኛው እሑድ መጻጉዕ ይባላል። በቤተ ሳይዳ መጠመቂያ 38 ዓመት የታመመው ሰው ለጌታ የተናገረው እግሩ እንደማይታዘዝለት አልነበረም፤ ውኃው ሲናወጥ የሚያወርደው ሰው እንደሌለውና ሌላው እየቀደመው እንደሚወርድ ነበር። በመጠመቂያው ዙሪያ ሰው ሞልቶ ነበር፤ እርሱን የሚጠብቅ ግን አንድ ስንኳ አልነበረም። ከተማ በሰፋና ሰው በተቻኰለ መጠን እንዲህ ያለው ብቸኝነት ይበዛል።

መጠበቅ ደግሞ ሥራ መፍታት አይደለም፤ ብልሃት አለበት። ሐኪሞች እንዳስተዋሉት፥ በበር ላይ እግሩ እንደ ተተከለ የሚቀር በሽተኛ፥ ልክ ያለው ምት ሲሰማ ወይም በምድር ላይ የተሰመረ መስመር ሲያይ ብዙ ጊዜ መራመድ ይችላል። የታመመው የአንጎል ክፍል ሊሰጠው ያልቻለውን ትእዛዝ ከውጭ የመጣው ምት ይሰጠዋልና። ይህን ነገር ማሕሌት የቆመ ሰው ከሌላው ይልቅ ሊረዳው ይችላል። ከበሮው ሲመታ፥ መቋሚያው ወደ ምድር ሲወርድ፥ እግር ሳይጠየቅ ይነሣል። በቤቱ ደጃፍ ቆሞ የቀረውን መርጌታ ልጁ እጁን ከሚጐትት፥ የሚያውቀውን ዜማ በልክ ቢያዜምለት ወይም በመቋሚያው ምድርን ቢመታለት ደጃፉን ሊሻገር ይችላል። ከፍ አድርጎ ማዜምም የሳሳውን ድምፅ ያለማምደዋል። ስለዚህ ደዌው ከቅዳሴ አገልግሎት ቢያርቀው እንኳ ከማሕሌቱ ፈጽሞ ሊያርቁት አይገባም፤ እጁ ጽዋ ለመያዝ ባይታመንም ጆሮውና ልቡ ዜማውን ይይዛሉ።

ብዙ ሕሙማን ግን በኀፍረት ይሸሸጋሉ። ስኒው በእጃቸው ሲንቀጠቀጥ ሰው እንዳያያቸው ከሰንበቴውም ከሰርጉም ይቀራሉ። የሮማው ጳጳስ ዮሐንስ ጳውሎስ ሁለተኛ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2005 ዓመት እስኪሞቱ ድረስ፥ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ፥ ቃላቸውም እየተያዘ በሕዝብ ፊት መቆማቸውን አልተዉም። ይህን ማድረጋቸው ትክክል መሆኑንና አለመሆኑን ብዙዎች በዚያን ጊዜ ተከራክረዋል። ክርክሩ እንዳለ ሆኖ፥ ድካም መሸሸግ ያለበት ነውር አለመሆኑን ዓለም ሁሉ አይቷል። በሽተኛው ወደ አደባባይ እንዲወጣ ግን ድፍረቱ ብቻ አይበቃም፤ አደባባዩም ሊታገሠው ይገባል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚቀር አንድ ብርቱ ነገር አለ፤ እርሱም የአስታማሚው ነገር ነው። መጠበቅ ይገባል ብሎ መናገር ቀላል ነው። ሌሊት አራት ጊዜ ተነሥታ አባቷን የምታገላብጥ፥ ቀን ወደ ሥራ የምትሄድ፥ ስለ እርሱም ትዳሯን ያዘገየች ልጅ ግን ትዕግሥት ይኑርሽ ቢሏት ምን ትመልሳለች? ትዕግሥት ከአንድ ሰው ብቻ ሲቀዳ ይደርቃል። ሲደርቅም ወደ ቍጣ ይለወጣል፤ ከቍጣውም በኋላ ጸጸት ይመጣል። አስታማሚ የተባለችውን ራሷን የሚያስታምማት ሰው ከሌለ፥ በአንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሕሙማን ይገኛሉ።

በመጽሐፍ ይህን የሚያስተምር ታሪክ አለ። እስራኤል ከአማሌቅ ጋር በተዋጉ ጊዜ የሙሴ እጆች ከበዱ። ሙሴን የሚያህል ነቢይ እጁን ብቻውን ሊያቆም አልቻለም። አሮንና ሖር በግራና በቀኝ ሆነው ደገፉት፤ በመጀመሪያ ግን ድንጋይ አምጥተው አስቀመጡት። እጁን ወስደው በእርሱ ፈንታ አላነሡም፤ የእርሱ እጅ እስከ ፀሐይ መግቢያ ድረስ እንዲጸና አደረጉ እንጂ። የደገፉትም ሁለት ነበሩ፤ አንድ ቢሆን ኖሮ እርሱም በደከመ ነበር። በቅፍርናሆም ሽባውን በጣራ ያወረዱት ደግሞ አራት ነበሩ። የሸክሙ መከፋፈል ከምሕረቱ የተለየ ነገር አይደለም።

በአዲስ አበባ በየሰፈሩ ዕድር አለ። ሰው በሞተ ጊዜ ድንኳኑ ሳይዘገይ ይተከላል፤ ወንበሩ ይደረደራል፤ ሦስት ቀን ሙሉ ቤቱ በሰው ይሞላል። ይህ የተመሰገነ ልማድ ነው፤ ሕመምተኛን የሚረዱ ዕድሮችም አሉ። ነገር ግን አሥር ዓመት በደዌ በቈየው ሰው ቤት፥ በእነዚያ አሥር ዓመታት ውስጥ ልጁን ሁለት ሰዓት ለማሳረፍ የመጣ ጎረቤት ከሌለ፥ በሞቱ ቀን የተሰበሰበው ሕዝብ ለማን ነው የመጣው? ለሬሳው የማይዘገይ እግር ለሕያው ስለ ምን ይዘገያል? የንስሐ አባት የነፍስ ልጆቹን ሲጎበኝ፥ የዕድር ዳኛም መዝገቡን ሲገልጥ ይህን ጥያቄ ከራሱ ጋር ሊነጋገርበት ይገባዋል። በሳምንት አንድ ቀን፥ በተራ፥ አንድ ሰው ከሕመምተኛው ጋር ቢቀመጥ፥ መድኃኒቱን በሰዓቱ ቢያቀብለው፥ ንግግሩን እስኪፈጽም ቢሰማው፥ ከድንኳን ያነሰ ወጪ ነው፤ ለቤቱም ያመጣው ዕረፍት ታላቅ ይሆናል።

ስምዖን ቢገደድም ሸክሙ ሸክም መሆኑ አልቀረም፤ ለተሸከመለትም ዕረፍት ሆኖታል። ብዙ አስታማሚዎችም እንደ እርሱ ናቸው፤ ማንም አልጠየቃቸውም፥ ከእርሻቸው ሲመለሱ በመንገድ ተይዘው ነው የተሸከሙት። ደስ ብሏቸው አለመጀመራቸው ሥራቸውን አያረክሰውም። ጥያቄው የሚቀርበው በመንገዱ ዳር ቆሞ ለሚመለከተው ሰው ነው፤ እርሱን ማንም አላስገደደውምና።

ወር በገባ በ27 ቀን ሕዝብ ወደ ቀራንዮ መድኃኔ ዓለም ይወጣል። በደጀ ሰላሙ ላይ አንድ ሽማግሌ እግሩ ተይዞ ቢቆምና ከኋላው ያለው ሕዝብ ቢገፋ፥ የኋላው ሰው ሊያደርገው የሚችለው ነገር ትንሽ ነው። ይቆማል፤ ክንዱን ይሰጠዋል እንጂ አይጐትተውም፤ ቀስ ብሎ አንድ፥ ሁለት ብሎ ይቈጥርለታል፤ ሽማግሌው ራሱ ደጃፉን እስኪሻገር ድረስም ይጠብቀዋል።